ስለ ቼዝ ውድድር የሰዓትና የነጥብ አወሳሰን

ለሠራተኞቹ ወይም ለደንበኞቹ የቼዝ ውድድር ሊያዘጋጅ የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋንጫው ዋጋና ስለ አዳራሹ ኪራይ ነው። ይሁን እንጂ አዳራሹ ለስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ የሚወስኑት የዙሩ ጊዜና የነጥቡ አሰጣጥ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር በተደረገ ጊዜ ለተጫዋቾቹ የተወሰነ ሰዓት አልነበረም። ሃዋርድ ስታውንተን የተጋጣሚውን የኤላያስ ዊልያምስን ዝግታ አጥብቆ አማርሯል፤ የተሸነፈው ራሱ ስታውንተን ስለ ነበረ ግን ምሬቱን በልኩ መቀበል ይገባል። በ1861 አንደርሰንና ኮሊሽ ሲጋጠሙ በአሸዋ ሰዓት እየተለካ እያንዳንዳቸው በሁለት ሰዓት 24 እርምጃ እንዲጫወቱ ተወሰነ። በ1883 ደግሞ እንደ ገና በለንደን የማንቸስተሩ ቶማስ ብራይት ዊልሰን ያሰበው ጥንድ ሰዓት በሥራ ላይ ዋለ፤ አንደኛው ሲቆጥር ሌላው ይቆማል።

የዚህ መሣሪያ ፍሬ ነገር ጊዜውን በየተጫዋቹ ሂሳብ ላይ ማኖሩ ነው። ለሁለቱ አንድ የጋራ ሰዓት ብቻ ቢደነገግ፥ በብልጫ ላይ ያለው እያዘገመ የመጨረሻውን ደወል ይጠብቃል፤ ፈጣኑም የባልንጀራውን ዕዳ ይከፍላል። (በአገራችን ጥንታዊ ሰንጠረዥ ግን ጥንድ ሰዓት ገና ከመክፈቻው ባልጠቀመ ነበር፤ ወረራ በሚባለው መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉና።)

በዚያው በ1883ቱ ውድድር ሰዓቱ ያተረፈውን የነጥቡ ደንብ አባከነው። አቻ የወጡት እስከ ሁለት ጊዜ እንደ ገና እንዲጫወቱ፥ ሦስተኛው አቻ ብቻ ግማሽ ነጥብ እንዲያስገኝ ተደንግጎ ስለ ነበር አንዱ ግጥሚያ ሦስት ጨዋታ ሊሆን ይችል ነበር። ዛሬ የተለመደው ለአሸናፊ 1፥ ለአቻ ግማሽ፥ ለተሸናፊ 0 መስጠት ነው፤ ለአዳራሽ ተከራይም የሚሻለው ይኸው ነው።

አሁን 32 ተጫዋቾች አሉ እንበል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጋጠሙ ቢባል 31 ዙርና 496 ጨዋታ ይሆናል። በ1895 በዙሪክ በተጀመረው የስዊስ ሥርዓት፥ እኩል ነጥብ ያላቸውን እያገናኙ፥ አምስት ዙር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 25 ደቂቃ፥ በየእርምጃውም 10 ሴኮንድ ጭማሪ ቢሰጥ፥ 60 እርምጃ በሄደ ጨዋታ ለአንዱ 35፥ ለሁለቱ 70 ደቂቃ ይሆናል። ብዙ አዘጋጆች ጭማሪውን ዘንግተው 50 ብለው ያሰላሉ፤ ሁለተኛው ዙር ሳይጀመር ምሳ ይደርስባቸዋል። ለምዝገባና ለድልድል 10 ደቂቃ ታክሎ አምስቱ ዙር ያለ ምሳ ዕረፍት 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል።

ለዚህ 16 ጥንድ ሰዓት ያስፈልጋል። አስመጪው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ በየእርምጃው ጊዜ የሚጨምረው ሰዓት፥ ቦቢ ፊሸር በ1989 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዓይነት፥ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ በጠመዝማዛ ሽቦ የሚሠራው የቀድሞው ሰዓት ጭማሪ አይሰጥም። መልኩን አይቶ ያዘዘ ሰው ዕቃው በመጋዘን ይቀርበታል።

በነጥብ የተካከሉ ቢኖሩ ሽልማቱ እኩል ይከፈል እንደሆነ፥ ወይም የየተጋጣሚዎቻቸው ነጥብ ተደምሮ ይለዩ እንደሆነ፥ ከመጀመሪያው ዙር በፊት በጽሑፍ በግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።