በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ምን ይላል?

ብዙዎቻችሁ በምትሠሩበት ቤት ቬፕ የሚባለውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ታዩ ይሆናል። የሚሞላበት ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የከረሜላና የፍራፍሬ ሽታ ስላለው ሕፃናትን ይስባል። ውስጡ ግን ኒኮቲን የተባለው የትምባሆ መርዝ አለበት።

ኃይሉን የሚናገረው ቁጥሩ ነው። 3፣ 6፣ 20 ወይም 50 ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሚሊ ግራም ነው። በመቶኛ ሲጻፍ 20 ማለት 2%፣ 50 ማለት 5% ነው። ባለ 50 ፈሳሽ የያዘ የ30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በጠቅላላው 1500 ሚሊ ግራም አለው።

አንዳንዶች ኃይለኛውን ገዝተው ቤት ውስጥ ያቀጥኑታል። 10 ሚሊ ሊትር ባለ 20 ፈሳሽ፣ ኒኮቲን ከሌለው 10 ሚሊ ሊትር ጋር ሲቀላቀል ባለ 10 ይሆናል። ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ እንጂ መርዙ አልጠፋም፤ ጠቅላላው ያው 200 ሚሊ ግራም ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት አንድ ሕፃን ይህን ፈሳሽ ወስዶ ሞቷል። ስለዚህ ጠርሙሱን ሕፃን ከማይደርስበት አስቀምጡ እንላለን።

ኒኮቲን በቆዳም ይገባል። ከፈሰሰ በጓንት ጥረጉ፤ የነካችሁን በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጠቡ፤ የራሰውን ልብስ አውልቁ። ሕፃን ከቀመሰው ትውከት፣ ላብ፣ መገርጣት ወይም መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ምልክት አትጠብቁ፤ በግድም አታስመልሱት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት እንዲወሰድ አድርጉ፤ ሊባኖስ ያላችሁ ለቀይ መስቀል በ140 ደውሉ። «በእኔ ይላከካል» ብላችሁ ለማዳም ከመናገር አትዘግዩ፤ ቶሎ መናገር የሕፃኑን ሕይወት ያተርፋል።