ውርጭ፣ በቅሎና «ምንም አልሆንኩም»

ፈረንጅ አገሩ በረዶ ሲሞላ በበረዶ ሞተር ጫካ ለጫካ ይጋልባል አሉ። እኛስ? እኛ በቅሎ አለችን! አትሳቁ። የስሜንን ገደልና የሌሊት ውርጭ የቀመሰ ሰው በቅሎን አይንቅም።

የ2015 ዓ.ም. ጥምቀት ሐሙስ ነበር የዋለው። ጎንደር አክብረን አርብ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ገባን፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ነበርን፣ ሦስት ወንድ ሁለት ሴት። ከመሀላችን የአንዱና የአንዷ የቀለበት ቀን ተቆርጧል። ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ቅዳሜ ማለዳ ጠመንጃ ያነገተ ስካውትና በቅሎ ነጂ ይዘን እስከ ሳንቃበር በመኪና፣ ከዚያ ወደ ግጭ ጉዞ ጀመርን። በቅሎ ነጂው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ግጭ ተወልደው እዚያው ጎልማሳ የሆኑ፣ መንደሩ በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ ሲሰፍር አብረው የወረዱ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ግጦሹ በመብዛቱና ዋልያው በመመናመኑ ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር መዝግቦት ነበር፤ በ2017 ነው ከዝርዝሩ የወጣው። ለዋልያው ደግ ሆነ። እሳቸው ግን ሣሩን በአለንጋቸው እያመለከቱ «እዚች ጋ ገብስ ነበረኝ» ይሉናል። ምን ይመለሳል?

ልጁ ኳስ ተጫዋች ነው። «በቅሎ ለሽማግሌ ነው» ብሎ መንገዱን በእግሩ ነካው። እኔ በበኩሌ እንደ ደጃዝማች ተኮፍሼ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ እያየሁ ሄድኩ።

ግጭ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ምናምን ስለሆነች ከፍታ የለመድን መስሎናል፤ ልዩነቱ ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ አየሩም ይሳሳል። ማታ ልጁ እራት አልበላም። ልጅቷ «ምነው?» ስትለው «ምንም አልሆንኩም» አላት፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ! ሌላው ጓደኛችን ደግሞ «ብርድ ነው» ብሎ አረቄ ቀዳለት። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የቆዳን ደም ሥር አስፍቶ የሰውነትን ሙቀት ነው የሚያስወጣው። ሴቶቹ በሌላ ድንኳን ተኝተዋል። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አደረ።

ሲነጋ የጀሪካኑ ውሃ ላይ ላዩን ረግቷል፤ ድንኳኑ አመዳይ ለብሶ ፀሐይ ስትነካው እንደ ስኳር ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለ ጠዋት አይቼ አላውቅም። የእለቱ እቅድ እሜት ጎጎ ነው፣ 3,926 ሜትር። ልጅቷ እንደገና ጠየቀችው። «ሂጂ፣ ምንም አልሆንኩም።» ከሁለቱ ጋር ሄደች።

ከዓይን ሲርቁ ልጁ ቀጥ ብሎ መቆም አቃተው። ለበቅሎ ነጂው «ጋሼ፣ ራሴን ሊከፍለኝ ነው» አላቸው። «ልጄ፣ ደጋ ሲያምህ መድኃኒቱ ቁልቁል ነው» አሉና በዚያችው በናቃት በቅሎ ላይ አስቀመጡት። እኔ ከጎን እየደገፍኩ ወረድን። ሳንቃበር ሻይ ጠየቀ፤ ደባርቅ ደርሰን ቆሎ ቆረጠመ።

ሰኞ ሁላችንም ሊማሊሞን ተጠማዘን ዛሪማ ወረድን። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን ያደርን ሰዎች ዛሪማ ላይ በሸሚዝ ላባችንን ጠረግን! ልጅቷ የእሜት ጎጎን ፎቶ ልታሳየው ስልኳን ስትዘረጋ ፊቱን አዞረ። «ታምሜ ጥለሽኝ ሄድሽ።» ምሳው በዝምታ ተበላ። ቀለበቱም ቀረ።

ጓደኞቻችን እስከ ዛሬ እሷን ይወቅሳሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ሁለቴ ጠየቀች፣ ሁለቴ ዋሻት። በምን ትወቀው? ለማያውቃቸው ሰው እውነቱን ሲናገር ሊያገባት ላሰባት ልጅ ደበቀ። ወንድ በፍቅረኛው ፊት አይታመም ይሆን? እናንተ ወንዶች ንገሩኝ።

ለምትሄዱ፦ ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ላይ አትቀጥሉ። ከባሰ ውረዱ። ሰውየው ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው ሲነጋ እናያለን ማለት የለም። ሳንቃበር አንድ ሌሊት ማደርም አይከፋም። ደግሞ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተነሳው ግጭት የመንገዱ ነገር ስለሚለዋወጥ ጓዝ ከመሸከፋችሁ በፊት ጠይቁ።

ልጁ ሰላም ሲሆን ራስ ደጀን እወጣለሁ ይላል። በቅሎ ተከራይ ብዬዋለሁ።