ጡረተኛ ጄቶችና ጡረተኛ መካኒኮቻቸው

የመንገደኛ አውሮፕላን ወግ ያለው ቀብር የለውም። ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ውቅያኖስና በረሃ ሲያቋርጥ ኖሮ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ አዲስ ሞዴል ሲመጣበት አየሩ ደረቅ ወደሆነ በረሃ ይወሰድና ይቆማል። ሞተሮቹ ይወርዳሉ። የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹ፣ ጎማዎቹና መቀመጫዎቹ እየተፈቱ ይሸጣሉ። የተረፈው ቀፎ በማሽን ተቆራርጦ ወደ አሉሚኒየም ማቅለጫ ይሄዳል። የጦር አውሮፕላን ዕጣ ከዚህ ይሻላል፤ ጀግና አብራሪና የድል ታሪክ ስላለው መንግሥትም ባለሀብትም ይሻማበታል። ሰውን ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለስደት፣ ለሰርግና ለለቅሶ ሲያመላልስ የኖረው አውሮፕላን ግን ከአውቶቡስ እኩል ስለሚታይ ለቅርስነት የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ተራ ሰው ኑሮ የቀየረው ግን እሱ ነው።

እነዚያ ጥቂቶች በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በአውስትራሊያ አሉ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ መካኒኮች፣ መሐንዲሶች፣ አብራሪዎችና የበረራ አስተናጋጆች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ሃንጋር ይገባሉ፤ በወጣትነታቸው የፈቱትንና የገጠሙትን አውሮፕላን በሽምግልናቸው እንደገና ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሥራቸውን ክብደት ለመረዳት ቆሞ የቀረ አውሮፕላን ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው የማይገባበት ቤት ቶሎ እንደሚፈርስ ሁሉ፣ አውሮፕላንንም ከበረራ ይልቅ መቆም ይጎዳዋል። በሥራ ላይ ያለ አውሮፕላን በየጊዜው ይፈተሻል፣ ዘይቱ ይዘዋወራል፣ እርጥበቱ ይደርቃል። ሲቆም ግን ከሆዱ ሥር ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በቆሻሻ ይደፈናሉ፣ ዝናቡም ወደ ውስጥ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ ክፉው ጉዳት የሚገኘው ከወጥ ቤቱና ከሽንት ቤቱ ወለል በታች ነው። ለዓመታት የተደፋ ቡና፣ ለስላሳና የመጸዳጃ ፈሳሽ በወለሉ ስንጥቅ ሾልኮ አሉሚኒየሙን ሲበላው ይኖራል። ከላይ ሲያዩት ቀለሙ ትንሽ እብጥ ከማለቱ በቀር ደህና ይመስላል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲነኩት ግን ላሜራው በቅጠል በቅጠሉ እየተነሣ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ያን ክፍል ቆርጦ ማውጣት፣ በልኩ አዲስ ላሜራ መቅረጽ፣ ከዚያ በሪቬት ማያያዝ ያስፈልጋል። አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ሌላው ፈተና ሃይድሮሊኩ ነው። ጎማውን የሚያወጣና የሚያስገባው፣ የክንፉንና የጭራውን መሪ የሚያንቀሳቅሰው በአንድ ካሬ ኢንች 3,000 ፓውንድ ግፊት ያለው ፈሳሽ ነው። በቦይንግ ጄቶች ውስጥ ያለው ይህ ፈሳሽ ሐምራዊ ነው። ቀለም ይልጣል፣ ቆዳ ይለበልባል፣ ዓይን ከነካ ደግሞ ሕመሙ ከባድ ነው። አውሮፕላኑ ሲቆም በየመገጣጠሚያው ያሉት የጎማ ቀለበቶች ደርቀው ይሰነጠቃሉ። ግፊቱ መጀመሪያ በሚመለስበት ቀን ሐምራዊው ፈሳሽ ካላሰቡት ቦታ ሁሉ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ አንዱን ሲዘጉት ሌላው ያፈሳል። ነዳጅ የሚይዘው ክንፉ ራሱም እንዲሁ ነው። መጋጠሚያዎቹን የሚደፍነው ማጣበቂያ ይደርቅና ነዳጁ ይዥጎደጎዳል። ውኃ ከገባበት ደግሞ በኬሮሲኑ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል።

ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ አብልጬ የምወደው የመጀመሪያውን ቦይንግ 727 ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ትልልቆቹ ጄቶች ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጉ ስለነበር አነስተኛ ከተሞች የጄት በረራ አያገኙም ነበር። ቦይንግ ለዚህ ያመጣው መፍትሔ ሦስቱንም ሞተሮች ወደ ጭራ መውሰድ ነው። ክንፉ ከሞተር ነፃ ሲሆን፣ ከኋላው በሦስት እጥፋት እየተዘረጋ የሚወርድ፣ ከፊቱም የሚከፈት ሰሌዳ ተሠራለት። ስለዚህ በዝግታ መጥቶ አጭር ማኮብኮቢያ ላይ ማረፍ ቻለ። ከጭራው ሥር የራሱ ደረጃ ነበረው። መሬት ላይ መብራትና የሞተር ማስነሻ አየር የሚሰጥ ትንሽ ሞተርም በሆዱ ስለያዘ የኤርፖርት ዕቃ አይጠብቅም። እስከ 1984 ድረስ 1,832 ተሠርተዋል። ከአንድ ሺህ በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄትም ይኸው ነው።

የመካከለኛው ሞተር ነገር ለብቻው ይነገር። ሞተሩ የተቀመጠው ከአውሮፕላኑ መጨረሻ ጫፍ ላይ ነው። አየር የሚስብበት አፍ ደግሞ ከጀርባው በላይ፣ ከቀጥተኛው ጭራ ሥር ነው። አየሩ በተጠማዘዘ ቱቦ ቁልቁል ወርዶ ሞተሩ ላይ ይደርሳል። በጥምዝምዙ ላይ አየሩ ሲረበሽ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረውና እንደ መድፍ ይጮኻል። መሐንዲሶቹ በቱቦው ግድግዳ ላይ ትንንሽ ክንፎች ተክለው አየሩ ግድግዳውን ይዞ እንዲሄድ አደረጉ። እንዲህ ያለው ነገር በሥዕል ሊታይ ይችላል፤ እጁን ቱቦው ውስጥ አስገብቶ የነካው ሰው ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ከአውሮፕላኑ ጋር መትረፍ ያለበት ይህ ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው 727 በኖቬምበር 1962 በሲያትል አቅራቢያ ካለው የሬንተን ፋብሪካ ወጣ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1963 ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ያህል በረረና ኤቨረት ከተማ ባለው ፔይን ፊልድ አረፈ። ከአንድ ዓመት በላይ ለሙከራ ካገለገለ በኋላ በኦክቶበር 1964 ለዩናይትድ አየር መንገድ ተሰጠ። ዩናይትድ የከፈለበት 4.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እስከ ጃኑዋሪ 1991 ድረስ 64,495 ሰዓት በረረ፣ 48,060 ጊዜ አረፈ፣ በግምት ሦስት ሚሊዮን መንገደኛ አጓጓዘ። ከዚያ ለሲያትሉ የበረራ ሙዚየም ተበርክቶ ወደ ፔይን ፊልድ፣ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ጨረሰበት ሜዳ ተመለሰ። አየር መንገዱ ግን ያኔ ሌሎች 727ቶችን ያበርር ስለነበር የሚጠቅሙትን ዕቃዎች ፈታቶ ወሰደ። ሙዚየሙ የተረከበው አውሮፕላን መብረር የማይችል ሆኖ በዝናባማው የሲያትል አየር ደጅ ቆመ።

ፔይን ፊልድ ላይ ለ25 ዓመት ቆይቷል። ከቦይንግና ከአየር መንገዶች ጡረታ የወጡ ሰዎች ሥራውን ሲይዙት የመጀመሪያው ጥያቄ አውሮፕላኑ ለእይታ ብቻ ይጠገን ወይስ ይብረር የሚል ነበር። ለእይታ ቀለም መቀባት ይበቃዋል። ፈትቶ በመኪና ወደ ሙዚየሙ ማጓጓዝም ይቻላል፤ ነገር ግን ክንፍን ከቀፎው መለየት የአውሮፕላኑን ወገብ መቁረጥ ማለት ነው። መብረር አለበት ሲባል ግን ሁሉም ነገር በእውነት መሥራት አለበት። ፍሬን፣ ነዳጅ ፓምፕ፣ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያ፣ ሦስቱም ሞተሮች አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ይህ ውሳኔ ጥገናውን በብዙ ዓመታት አራዘመው። እኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እላለሁ፤ የሙዚየም ጎብኚ የማያየውን ብልሽት በረራ ደብቆ አያልፍምና።

ዕቃ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። የ727 ምርት ከቆመ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር፤ አዲስ መለዋወጫ አልነበረም። የተገኘው ከሌሎች 727ቶች ላይ እየተፈታ ነው። የጭነት አመላላሹ ፌዴክስ እስከ 2013 ድረስ ብዙ 727 ያበርር ስለነበር ከፍተኛ የዕቃ ልገሳ አድርጓል። ዕቃው ተገኘ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በአቪዬሽን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ወረቀት አለው፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደፈተሸው፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚገልጽ። ሁሉም ተሟልቶ፣ ሞተሮቹ ተነሥተው፣ አውሮፕላኑ በራሱ ኃይል መሬት ላይ ተሽከርክሮ ከታየ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ልዩ የበረራ ፈቃድ ሰጠ።

ማርች 2 ቀን 2016 ከፔይን ፊልድ ተነሥቶ ሙዚየሙ ወዳለበት ቦይንግ ፊልድ በረረ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራውም ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ጎማዎቹን ወደ ሆዱ አላስገባም። ለሩብ ሰዓት ጉዞ ጎማ ማስገባት ትርፉ ምንድን ነው? ገብቶ አልወጣም ቢል ግን የብዙ ዓመት ድካም ማኮብኮቢያው ላይ ተንሸራትቶ ያልቃል። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሆነው አውሮፕላን በሰላም አረፈ። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም፤ እንዲነሣም አልታሰበም።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ጥረት አለ። የአውስትራሊያው ቃንታስ በ1959 ከገዛቸው የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 707ቶች አንዱ በብዙ እጅ አልፎ፣ የሳዑዲ ልዑል የግል አውሮፕላን ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ በእንግሊዝ ሳውዝኤንድ ኤርፖርት ተጥሎ ቀርቶ ነበር። በ2006 ጡረታ የወጡ የቃንታስ መሐንዲሶች ከአውስትራሊያ እንግሊዝ ድረስ ሄደው ጠገኑት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በራሱ ክንፍ ሲድኒ ገባ። ዛሬ አየር መንገዱ ገና ልጅ ሳለ ባደገባት ሎንግሪች ከተማ ይገኛል። በእንግሊዝ ብራንቲንግቶርፕ ደግሞ ካኖፐስ የተባለውን፣ በ1997 ከኮሜት አውሮፕላኖች ሁሉ መጨረሻ የበረረውን ኮሜት በጎ ፈቃደኞች ሞተሩን እያስነሡ፣ በማኮብኮቢያው ላይ በፍጥነት እየነዱ ሕያው አድርገውት ቆይተዋል። ኮሜት በዓለም የመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት ነው። በ1952 ከለንደን ጆሃንስበርግ አገልግሎት ሲጀምር በካርቱምና በኢንቴቤ ያልፍ ነበር። በ1954 ሁለት ኮሜቶች በአየር ላይ ከተበታተኑ በኋላ በተደረገው ምርመራ ዓለም ስለ ብረት ድካም ብዙ ተማረ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ላሜራው ራሱ ሰነድ ነው።

ያልተሳካውም መነገር አለበት። በእንግሊዝ ኮስፎርድ ሙዚየም ደጅ ቆመው የነበሩት የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላኖች በ2006 አየር መንገዱ ድጋፉን ሲያቆም ተበተኑ። ቢኤሲ ዋን ኢለቨንና ቫይካውንት ወደ ስኮትላንድ ሲወሰዱ፣ 707፣ ቪሲ10ና ትራይደንት ግን እዚያው ተቆራረጡ። ለዓመታት በፍቅር የታጠቡና የተቀቡ ነበሩ። የጎደላቸው ጣሪያ ነው። በጎ ፈቃደኛ ላሜራ ይቀይራል፣ ቀለም ይቀባል፤ ሦስትና አራት ጄት የሚያስጠልል ሃንጋር መሥራት ግን ከኪሱ በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሙዚየም አውሮፕላን ተረከብኩ ሲል ሰው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው የት ታቆሙታላችሁ ብሎ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው 727 ከሬንተን ፋብሪካ በወጣ በቀናት ልዩነት፣ ዲሴምበር 1962፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ቦይንግ 720ቢ ጄት ተረከበ። 720 የሚሠራውም እዚያው ሬንተን ነበር። የልደታው ሜዳ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ፤ በጃኑዋሪ 1963 የመጀመሪያው የጄት አገልግሎት ወደ ናይሮቢ ተጀመረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ 727 ራሱ ወደ ቦሌ መጣ። እነዚያን ሞተሮች የፈቱና የገጠሙ፣ ከሁለቱ አብራሪዎች ኋላ ተቀምጠው የነዳጁንና የሃይድሮሊኩን ሰሌዳ የተቆጣጠሩ የበረራ መሐንዲሶች አንዳንዶቹ ዛሬ አዲስ አበባና ዋሽንግተን አካባቢ በእርጅና ይኖራሉ። የጥገና መዝገባቸው፣ ፎቷቸውና በራሳቸው አፍ የሚናገሩት ትዝታ አሁኑኑ ሊሰበሰብ ይገባል። አውሮፕላን ቢጠፋ የእሱን ዓይነት ሌላ አገር ማየት ይቻላል፤ ቦሌ ላይ በከፍታው ቀጭን አየር ጄት እንዴት ይነሣ እንደነበር የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው 727 ዛሬ በሲያትሉ ሙዚየም ሰፊ ጣሪያ ሥር፣ ከመጀመሪያው 747ና ከኮንኮርድ ጋር ቆሟል። ቦታው ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት የደቡብ ሲያትል ሰፈር ሩቅ አይደለም። የሄዳችሁ እንደሆነ ወደ ጭራው ዙሩና የመካከለኛውን ሞተር አፍ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ቅርጹ ሞላላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያበረራቸው ኋላ የመጡት 727-200ዎች ስለነበሩ የእነሱ አፍ ክብ ነው። በአቅራቢያችሁ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ካገኛችሁ ለምን እንደተቀየረ ጠይቁት፤ በእጁ የሠራበት ሰው ከሆነ ቱቦው እንዴት እንደሚጠማዘዝ በእጁ ያሳያችኋል።