መዳብ፣ ሎሚና የባሕር ላይ የበላይነት

በ1741 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ አንሰን የሚመራው የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ቡድን የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞሮ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ለመግባት ከማዕበል ጋር ይታገል ነበር። ከመርከበኞቹ አንዱ ከሃምሳ ዓመት በፊት አየርላንድ ውስጥ በቦይን ጦርነት ቆስሎ የዳነ ሽማግሌ ነው። በጉዞው ታሪክ ላይ እንደተመዘገበው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት የደረቀው ጠባሳ ማንም ሳይነካው ተከፈተ፤ ቁስሉም ከነጭራሹ ድኖ የማያውቅ መሰለ።

በሽታው ስከርቪ ይባላል። ድድ ያብጣል፣ ይደማል። ጥርስ ይወላልቃል፣ እግር ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ይወጣል። በሽተኛው ከተኛበት ቀና ሲል ድንገት ሊሞት ይችላል። አንሰን በ1740 ከእንግሊዝ ሲነሣ ወደ 1,900 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩት። በ1744 አንድ ብር የጫነ የስፔን መርከብ ማርኮ፣ ዓለምን ዞሮ አገሩ ሲገባ ከእነዚያ መካከል አብረውት የተመለሱት 188 ብቻ ናቸው። በጠላት እጅ የሞቱት በጣት ይቆጠራሉ። ከዚያ በኋላ ስለተካሄደው የሰባት ዓመት ጦርነት (1756–1763) በወጣ ዘገባ መሠረት፣ ለባሕር ኃይሉ ከተመለመሉት 184,899 ሰዎች በበሽታ የሞቱትና የጠፉት 133,708 ሲሆኑ፣ በውጊያ የሞቱት 1,512 ነበሩ።

ስለ እንግሊዝ ባሕር ኃይል ሲነሣ ወሬው ሁሉ የአድሚራል ኔልሰን፣ የመድፍና የትራፋልጋር የባሕር ላይ ውጊያ ነው። ጀግንነቱም መድፉም ነበረ። ግን ፈረንሳዮችም ጀግኖች ነበሩ። መርከብ በመሥራትማ ብዙ ጊዜ ይበልጡ ስለነበር እንግሊዞች የማረኳቸውን የፈረንሳይ መርከቦች ንድፍ እየቀዱ ይሠሩ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝ መርከብ ከወደብ ከወጣ በኋላ ለወራት፣ ውሎ አድሮም ለዓመታት ባሕር ላይ መሰንበት ቻለ። ባሕር ምሽግ ተሠርቶበት አይያዝም፤ የሚይዘው እዚያው የቆየ ነው። ይህን ያስቻሉት ደግሞ በዋናነት ሁለት የኬሚስትሪ ጉዳዮች ሲሆኑ፣ የተጠቀሙባቸው ሰዎች ለምን እንደሚሠሩ አያውቁም ነበር።

ከስከርቪ እንጀምር። ቆዳችንን፣ የደም ሥራችንን፣ ድዳችንንና አጥንታችንን አያይዞ የሚያቆመው ኮላጅን የተባለ በሦስት ክር የተገመደ ፕሮቲን ነው። ክሮቹ ጠብቀው እንዲገመዱ የሚያደርገው ኤንዛይም ያለ ቪታሚን ሲ አይሠራም። ሰውነታችን ደግሞ ኮላጅንን አንዴ ሠርቶ አይተወውም፤ ዕድሜ ልኩን እያፈረሰ ይሠራዋል። ጠባሳም እንዲሁ በየጊዜው የሚታደስ ነገር ነው። ቪታሚኑ ሲቋረጥ ማፍረሱ ይቀጥላል፣ መሥራቱ ይቆማል፤ የሽማግሌው ቁስል ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ፍየል፣ ውሻና አብዛኞቹ እንስሳት ቪታሚን ሲን በገዛ ጉበታቸው ይሠራሉ። የሰው ልጅ ግን ከምግብ ካላገኘው በቀር የለውም፤ ያጠራቀመውም ከጥቂት ወራት አያልፍም። የመርከበኛው ቀለብ ደረቅ ብስኩት፣ በጨው የታሸ የበሬና የአሳማ ሥጋ፣ አተር፣ አጃ፣ ቅቤ፣ አይብና ቢራ ነበር። ሆድ ይሞላል፣ ጉልበትም ይሰጣል፤ ቪታሚን ሲ ግን የለበትም ማለት ይቻላል።

ግንቦት 20 ቀን 1747 ሳልዝቤሪ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሊንድ በስከርቪ የታመሙ አሥራ ሁለት መርከበኞችን መረጠ። ሕመማቸው ተመሳሳይ ነው። አንድ ቦታ አስተኛቸው፣ አንድ ዓይነት ምግብ አበላቸው፣ ከዚያ ለሁለት ለሁለት ከፍሎ ለየጥንዱ ሌላ ሌላ መድኃኒት ሰጠ። አንደኛው ጥንድ በየቀኑ ከፖም የተጠመቀ ሲደር ደረሰው። ሁለተኛው በውኃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ በጠብታ፣ ሦስተኛው ኮምጣጤ፣ አራተኛው የባሕር ውኃ፣ አምስተኛው ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ያለበት ቅመም አገኙ። ስድስተኛው ጥንድ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ይበላ ነበር። ፍሬው በስድስት ቀን አለቀ፤ ይሁንና በስድስተኛው ቀን ከሁለቱ አንዱ ለሥራ ብቁ ሆነ፣ ሌላውም ከሁሉ ይበልጥ አገግሞ የታመሙትን እንዲያስታምም ተመደበ።

ሊንድ በዚህ ሥራው ዛሬም ይመሰገናል፣ ይገባዋልም። ግን በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ሙከራው ከብዙ ገጽ መካከል የተሸጎጠ ጥቂት አንቀጽ ነው። ጭማቂው እንዳይበላሽ ብሎ የመከረው ዘዴም በእሳት አሙቆ ማወፈር ነበር፤ ሙቀቱ ደግሞ ፈውሱን ራሱን ያጠፋዋል። ከመጽሐፉ እስከ መንግሥት ትእዛዝ 42 ዓመት አለፈ። በእኔ እምነት ትልቁ ምስጋና የሚገባው በዌስት ኢንዲስ (በካሪቢያን ደሴቶች) የመርከቦቹ ሐኪም ለነበረው ለጊልበርት ብሌን ነው። ብሌን የታመሙትንና የሞቱትን በየወሩ ቆጠረ፣ ሰንጠረዥ አወጣ፣ አለቆቹንም በቁጥር ሞገተ። በ1795 የሎሚ ጭማቂ ለባሕር ኃይሉ መደበኛ ቀለብ ሆኖ ታዘዘ። መጠኑ ለአንድ ሰው በቀን ሃያ ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን ስኳር ታክሎበት በውኃ ከቀጠነው ሩም ጋር ይጠጣል። እስከ 1814 ድረስ 1.6 ሚሊዮን ጋሎን ጭማቂ ታደለ። ስከርቪም ከጦር መርከቦቹ ላይ ጠፋ ለማለት የሚያስደፍር ደረጃ ደረሰ።

ሰው ሲድን መርከቡ ግን አሁንም ይበላል። የእንጨት መርከብ በሞቃት ባሕር ላይ ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ቴሬዶ ነው፤ ትል ይምሰል እንጂ የቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነ፣ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ትናንሽ ቅርፊቶች እንጨት እየፈለፈለ የሚገባ ፍጥረት። ከውጭ ሲያዩት ጣውላው ደህና ነው፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ብትታይ ነው። ውስጡ ወንፊት ሆኗል። ሁለተኛው ጠላት አልጌና ባርናክል የተባሉት ቅርፊታም ፍጥረታት ናቸው። ከውኃ በታች ያለው አካል ላይ ተለጥፈው ያድጋሉ፣ መርከቡንም ያንቀራፍፉታል። ስለዚህ መርከብ በየጥቂት ወሩ ወደ ዳርቻ ተጎትቶ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ በእሳት እየተለበለበ መፋቅ ነበረበት። ያን ጊዜ ሁሉ ከጦርነት ውጭ ነው።

በ1761 አላርም የተባለች መርከብ ከውኃ በታች ያለው አካሏ በሙሉ በስስ የመዳብ ቆርቆሮ ተለብጦ ወደ ዌስት ኢንዲስ ተላከች። ተመልሳ ስትመረመር ትል የሚባል ነገር አልነካትም፣ አረምም አልያዛትም። መዳብ በባሕር ውኃ ውስጥ በዝግታ ይሟሟል፤ የሚሟሟው ቅንጣት ደግሞ ለእነዚያ ፍጥረታት መርዝ ነው። ጉዳቱ የተገኘው በሌላ በኩል ነበር። ጣውላዎቹን ያያያዙት የብረት ብሎኖችና ምስማሮች መዳቡን በነኩበት ሁሉ ተበልተው እጅ ላይ ይፈረፈራሉ። መዳቡ ተጠቅልሎበት የመጣው ቡናማ ወረቀት ሳይነሣ በቀረባቸው ቦታዎች ግን ብረቱ ደህና ነው። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። ሁለት የተለያዩ ማዕድናት እየተነካኩ በጨው ውኃ ውስጥ ሲሆኑ ባትሪ ይሠራሉ፤ ኤሌክትሮን ከብረቱ ወደ መዳቡ ይሄዳል፣ ብረቱም ያልቃል። ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው ግን በ1800 ነው። በ1760ዎቹ ይህን ሊያስረዳ የሚችል ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ፈረንሳይ፣ ስፔንና ሆላንድ ተራ በተራ በእንግሊዝ ላይ ሲነሡ በመርከብ ብዛት መወዳደር አልተቻለም። የባሕር ኃይሉ የመርከብ ግንባታና ጥገና ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ሚድልተን ያኔ ደፈረ፤ ከ1779 ጀምሮ መርከቦቹ ሁሉ መዳብ እንዲለብሱ አስደረገ። ማዕድኑ ከዌልስ ከፓሪስ ተራራና ከኮርንዎል በገፍ ይወጣ ነበር። መዳብ የለበሰ መርከብ ይፈጥናል፤ ዋናው ግን ለመፋቅ ብሎ ወደብ አይገባም። በዚያው መጠን የነበሩት መርከቦች እንደ ብዙ ሆነው መዋል ቻሉ። የብሎኑ ችግር የተፈታው ቆይቶ ነው፤ ብረቱ ቀርቶ በመዳብ ቅይጥ ብሎን ተተካ።

ከሁሉ የምወደው የዚህ ታሪክ ክፍል በ1824 የሆነው ነው። መዳቡ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ወጪ ስለበዛ የባሕር ኃይሉ ታላቁን ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪን አማከረ። ዴቪ የባትሪውን ሕግ ገልብጦ ተጠቀመበት። ትንሽ የዚንክ ወይም የብረት ቁራጭ ከመዳቡ ጋር ቢያያዝ ቁራጩ ይበላል፣ መዳቡ ይተርፋል። ተሞከረ፣ መዳቡም በእርግጥ መሟሟቱን አቆመ። መርከቦቹ ግን አረምና ባርናክል ተሸክመው ተመለሱ። መዳቡ ይከላከል የነበረው እየሟሟ ስለነበር፣ ሲድን ሥራው ቀረ። ባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበርና ዛሬ የነዳጅ ቧንቧዎችንና የብረት መርከቦችን ከዝገት ይጠብቃል፤ ቤታችን ባለው የውኃ ማሞቂያ ቦይለር ውስጥ የሚገባው የማግኒዥየም ዘንግም ሥራው ይኸው ነው።

ሦስተኛ የሚነሣ ነገር አለ፤ ሰዓት። በ1707 አራት የጦር መርከቦች ያሉበትን ሳያውቁ ከሲሊ ደሴቶች አለት ጋር ተላትመው ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የመነሻ ወደብን ሰዓት በትክክል የያዘ ሰው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሄደ ያሰላል። ጆን ሃሪሰን የሠራው ሰዓት በ1761 ተነሥቶ ጃማይካ ሲደርስ፣ ከ81 ቀን በኋላ የሳተው አምስት ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር። ታሪኩ በብዙ መጻሕፍት ስለተነገረ እዚህ አላሰፋውም።

ሎሚውና መዳቡ አንድ ላይ ምን እንዳደረጉ የሚታየው በፈረንሳዩ ብሬስት ወደብ ደጃፍ ነው። ከ1803 ጀምሮ በአድሚራል ኮርንዎሊስ የሚመራው የእንግሊዝ መርከቦች ቡድን ክረምት ከበጋ እዚያ ቆመ። የምዕራብ ነፋስ ሲበረታ ፈረንሳዮቹ መውጣት አይችሉም፤ እንግሊዞቹም ቶርቤይ ወደተባለው የገዛ ባሕራቸው ሰርጥ ይጠጋሉ። ነፋሱ ዞሮ ከምሥራቅ ሲነፍስ ተመልሰው ደጃፉን ይይዛሉ። ኔልሰንም በሜዲትራኒያን በኩል ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ያህል፣ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ከቪክቶሪ መርከቡ እግሩን አላወረደም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደብ ውስጥ የተዘጋው መርከበኛ ሸራ መሳብና በሚናወጥ መርከብ ላይ መድፍ መተኮስ አይለማመድም፤ ውጭ ያለው በየቀኑ ይለማመዳል። ጥቅምት 21 ቀን 1805 ትራፋልጋር ላይ 27 የእንግሊዝ መርከቦች 33 የፈረንሳይና የስፔን መርከቦችን ሲገጥሙ ጠላት 18 አጣ፣ እንግሊዝ አንድም አላጣችም። ውጤቱ ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ በብዛት ተወስኖ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ብልኀት ለምን ዋለ የሚለውን ማለፍ አልችልም። መርከበኞቹ ራሳቸው ብዙዎቹ ከወደብ ከተሞች በግዳጅ የታፈሱ ነበሩ። የባሕር ኃይሉ የሚጠብቀው የካሪቢያን ስኳር የሚመረተው በባሪያ ጉልበት ነው። የእንግሊዝ መርከቦች ንግዱ በ1807 በሕግ እስኪከለከል ድረስ ከሦስት ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያንን ጭነዋል። ከንግድ መርከቦች መካከል መዳብ ቀድመው ከለበሱት ውስጥ የባሪያ ጫኞቹ ይገኙበታል፤ ፈጣን መርከብ ትርፍ ነበርና። ከ1808 በኋላ ያው ባሕር ኃይል በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ የባሪያ መርከቦችን እያሳደደ ወደ 150,000 የሚጠጉ ሰዎችን ነጻ ማውጣቱም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያጥብም።

የእንግሊዝ የባሕር ላይ ክንድ እኛም ጋ ደርሷል። በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ 13,000 ወታደር፣ ዝሆን ሳይቀር፣ ከህንድ ወደ ዙላ ዳርቻ የተጓጓዘው ከ280 በሚበልጡ የእንፋሎትና የሸራ መርከቦች ነው። የሚጠጣ ውኃም ከባሕሩ እየተነጠረ ይታደል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የገጠማቸው ጦር ከኋላው መቶ ዓመት ሙሉ የተገነባ የስንቅና የመርከብ ሥርዓት ነበረው።

ያ ሥርዓት ግን ምን እንደያዘ አያውቅም ነበር። በ1860ዎቹ ባሕር ኃይሉ የሜዲትራኒያኑን ትልቅ ቢጫ ሎሚ ትቶ ከራሱ ቅኝ ግዛት በሚመጣው ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ፣ እኛ ገበያ ላይ በምናውቀው ዓይነት፣ ተካው። ኮምጣጣ መሆኑን እንጂ ቪታሚን ሲው ማነሱን የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። ጭማቂው ለአየርና ለብርሃን ይጋለጣል፣ በመዳብ ቧንቧም ያልፋል። መዳብ ደግሞ ቪታሚን ሲን በፍጥነት ያበላሻል። በ1875 ወደ አርክቲክ የሄደው የጆርጅ ኔርስ ቡድን በስከርቪ ተመትቶ ተመለሰ፤ ሐኪሞችም የሎሚን ፈውስ መጠራጠር ጀመሩ። ንጥረ ነገሩ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተለይቶ እስኪታወቅ መንገዱን የከፈቱት ሁለት ኖርዌያውያን፣ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ ናቸው። በ1907 ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትናንሽ እንስሳት እህል ብቻ ሲያበሏቸው ስከርቪ ያዛቸው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቪታሚን ሲ መሥራት ከማይችሉት ጥቂት እንስሳት አንዷ ናት። ሙከራው በአይጥ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልታየ ነበር።