የአንጀት ዘብና የአንጀት ጠጋኝ

ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው፣ ክትባትም ሆነ ቀድሞ የተያዘ በሽታ ሳይጠብቅ የሚሠራው የመከላከያ ክፍል ተፈጥሯዊ መከላከያ ይባላል። ከጠቋሚዎቹ ዋነኞቹ ቶል መሰል ተቀባዮች የሚባሉት ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ የባክቴሪያ ሽፋን ስባሪ ሲነካቸው አብዛኞቹ ማይዲ88 በተባለ አስተላላፊ ፕሮቲን በኩል ወደ ሕዋሱ አስኳል መልእክት ይልካሉ። ስማቸው የመጣው ከፍራፍሬ ዝንብ ዘረመል ነው፤ በዚህ መስክ ለተገኘው ዕውቀት ዡል ሆፍማንና ብሩስ ቦይትለር እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

እነዚህ ተቀባዮች የጠላት ማንቂያ ብቻ እንደሆኑ፣ የአንጀት ብግነትም የእነርሱ ጩኸት መብዛት ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ይነገራል፤ ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሩስላን ሜድዚቶቭና ባልደረቦቹ ማይዲ88 የሌላቸውን አይጦች የአንጀት ግድግዳ በሚያቆስል ኬሚካል ሲፈትኑ፣ ማንቂያው የጠፋባቸው አይጦች ቀለል ያለ ብግነት ሊይዛቸው ይገባ ነበር ተብሎ ሊገመት ቢችልም፣ የደረሰባቸው ጉዳት ከጤነኞቹ እጅግ የከፋ ሆነ። በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የአንጀታቸው ባክቴሪያ የጠፋባቸው ጤነኛ አይጦችም እንዲሁ ክፉኛ ተጎዱ፤ ሆኖም ሊፖፖሊሳካራይድ የተባለው የባክቴሪያ ሽፋን ንጥረ ነገር በሚጠጡት ውኃ ሲሰጣቸው ከጉዳቱ ተጠበቁ። ከዚህ የሚታየው፣ አንጀት ከነዋሪዎቹ ባክቴሪያዎች የሚያገኘው ዘወትራዊ ንክኪ ቁስሉን እንዲጠግን የሚያዘው መልእክት መሆኑ ነው። ስለዚህ «መከላከያን መጨመር» የሚለው አነጋገር፣ የትኛው መልእክት እንደሚጨመር ሳይጠየቅ የሚደጋገም በመሆኑ ሊታረም ይገባዋል።

ያው የመጠገን ትእዛዝ ግን ለዕጢም ያገለግላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እንደታየው፣ አፒሲ የተባለው ዘረመላቸው የተበላሸ አይጦች ማይዲ88 ሲጎድላቸው የሚያበቅሉት የአንጀት ዕጢ አነሰ። በሕክምናው በኩል ደግሞ፣ ለትልቁ አንጀት ካንሰር የሚሰጠው ኦክሳሊፕላቲን ባክቴሪያቸው በመድኃኒት በተመናመነ አይጦች ላይ ኃይሉ መዳከሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘግቧል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ዕጢውን በሚገባ የሚመታው፣ የባክቴሪያውን ምልክት የተቀበሉ ነጭ የደም ሕዋሳት በሚያመነጩት ጎጂ ኦክስጅን እየታገዘ ነው። የአይጥ ውጤት በቀጥታ የሰው ሕግ አይሆንም፤ ኢንፌክሽን የያዘው ሕመምተኛም የታዘዘለትን ፀረ ባክቴሪያ መተው የለበትም። ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት መደብር ገዝቶ መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነውና፣ በትልቁ አንጀት ካንሰር የሚታከም ሰው ይህን ልማድ ይተው፤ በቅርብ ወራት የወሰደውንም ፀረ ባክቴሪያ ሁሉ፣ ሳይጠየቅ እንኳ፣ ለሐኪሙ ይንገር።