አንድ ድርጅት፣ ብዙ አድራሻ

ኮምፒውተርዎ ላይ ሪለንትለስ ዶት ኮም የሚለውን አድራሻ በላቲን ፊደል ቢጽፉ የሚከፈትልዎ አማዞን ነው። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ የኢንተርኔት መደብሩን ለመክፈት ሲሰናዳ በ1994 ይህን ስም አስመዝግቦ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ያስፈራል ብለው ወዳጆቹ ስላልወደዱለት ሌላ መረጠ፤ ይህኛውን ግን አልጣለውም።

ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚገናኙት በቁጥር ነው። ዶሜይን ያንን ቁጥር ሰው በቀላሉ በሚይዘው ስም ይተካል። ስምና ቁጥርን የሚያገናኘውን ዲኤንኤስ የተባለ ሥርዓት አሜሪካዊው ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ነደፈው፤ በ1985 ደግሞ ሲምቦሊክስ የተባለ ኩባንያ የመጀመሪያውን ዶት ኮም አስመዘገበ። ሰው «ዶሜይን ገዛሁ» ይላል እንጂ የሚያገኘው የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ዶት ኮም ቢበዛ ለ10 ዓመት ይከፈልበታል፤ ከዚያ በኋላ ማደስ ነው።

የአገራችን ነጋዴ ተጨማሪ ስም የሚያስፈልገው በተለይ በፊደል ምክንያት ነው። ፀሐይ የሚባል ሆቴል በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው በዋይም በአይም ይሆናል። ቃልኪዳንን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጀምረዋል። አዲስንም በአንድ ዲ የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍ አለ። ስምዎን በሬዲዮ የሰማ ደንበኛ የሚጽፈው እንደመሰለው ስለሆነ፣ ሰው አብዝቶ የሚሳሳትበትን አጻጻፍ አብሮ መያዝ ብልህነት ነው። ዶት ኮም ያለው የአገራችንን ዶት ኮም ዶት ኢቲ ቢጨምር፣ ስሙን የቀየረ ድርጅትም የድሮውን ባይለቅ መልካም ነው። የተለቀቀውን ስም ሌላ ሰው ካስመዘገበው በድሮው አድራሻ የሚላክ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ ሳይቀር፣ እሱ እጅ ሊገባ ይችላል። ከዚህ አልፎ የዶሜይን ሻጮች የሚደረድሩትን ዶት ሾፕ፣ ዶት ስቶር፣ ዶት ኦንላይን ሁሉ መሰብሰብ በእኔ እምነት ገንዘብ ማባከን ነው። ለአብዛኛው ድርጅት ሦስት ወይም አራት ስም ይበቃዋል።

ከስሞቹ መካከል ዋናው አንድ ብቻ ይሁን። የቀሩት ወደ አንድ ሳሎን የሚያስገቡ በሮች ናቸው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ያንኑ ድረ ገጽ ገልብጠው በሦስቱም ስም ያስቀምጡታል። ጎግል አንድ ዓይነት ገጽ በተለያየ አድራሻ ሲያገኝ አንዱን መርጦ ያሳያል፤ ምርጫው የእርስዎ ምርጫ ላይሆን ይችላል። ዋጋ ሲቀየርም አንዱ ላይ ይስተካከልና ሌላው ላይ አሮጌው ይቀራል። መፍትሔው በሌላው ስም የመጣውን ሁሉ ወደ ዋናው የሚወስድ፣ ባለሙያዎች 301 የሚሉት ቋሚ ማዞሪያ ነው። 302 ግን ጊዜያዊ ነው፤ የትኛው እንደተደረገልዎ ይጠይቁ። የሚዞረው ስም ራሱ የደኅንነት ሰርተፍኬት እንደሚያስፈልገውም አይርሱ፤ አለዚያ ደንበኛው ዋናው ገጽ ሳይደርስ ብራውዘሩ ማስጠንቀቂያ ይደቅንበታል።

ማደስን መርሳት ትንሹንም ትልቁንም ይጥላል። በ1999 የፈረንጆች ገና ሰሞን ማይክሮሶፍት ፓስፖርት ዶት ኮም የተባለውን ስም ሳያድስ ቀረና ሆትሜይል የተባለው የኢሜይል አገልግሎቱ ብዙ ተጠቃሚዎች መግባት አቃታቸው፤ መግቢያቸው በዚያ ስም በኩል ነበር። አንድ የሊኑክስ ፕሮግራመር ነገሩን ደርሶበት በራሱ ክሬዲት ካርድ ክፍያውን ፈጸመ። ክፍያው 35 ዶላር ነበር! ማይክሮሶፍት ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ቀኑን የሚከታተል ሰው ጠፍቶ ነው። ዶት ኮም ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ ለ30 ቀን በተጨማሪ ክፍያ ማስመለስ ይቻላል፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። ስሞቹን በአንድ መዝጋቢ ድርጅት፣ በአንድ አካውንት ሰብስቦ የእድሳት ቀናቸውን ማቀራረብ የሚመከረው ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ችግሩ ሌላም መልክ አለው። ዶት ኮም አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ስለሚከፈል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ነጋዴ ነገሩን ድረ ገጹን ለሠራለት ልጅ ወይም አሜሪካ ላለ ዘመድ ይተወዋል። ስሙም በከፋዩ አካውንት ይመዘገባል። ልጁ ስልኩን የቀየረ ወይም ዘመድ የተኳረፈ ቀን ድርጅቱ በገዛ ስሙ ላይ ሥልጣን እንደሌለው ያውቃል። በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረው ዶት ኢቲ በብር ስለሚከፈል ቢያንስ ይህን ጣጣ ያቀላል። ማንም ይክፈለው፣ አካውንቱ የሚከፈትበት ኢሜይል የድርጅቱ ይሁን፤ ያም ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ አይሁን፤ ዶሜይኑ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣልና። ድረ ገጽ ካለዎት ዛሬውኑ ለሠሪው ደውለው ይጠይቁ፦ ስማችን በማን አካውንት ነው የተመዘገበው? የሚታደሰውስ መቼ ነው?