ገላጭ ስምን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ

የንግድ ምልክት የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ፣ በዓይን የሚታይ ምልክት ነው። ቃል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሥዕል፣ ቀለም፣ የዕቃው ወይም የማሸጊያው ቅርጽ፣ አለዚያም የእነዚህ ቅንጅት ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚመራው በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲሆን ዝርዝር አፈጻጸሙ በደንብ ቁጥር 273/2005 ተቀምጧል። መዝጋቢው በአዋጅ ቁጥር 320/1995 በጽሕፈት ቤትነት የተቋቋመው፣ ዛሬ ባለሥልጣን የሚባለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ነው። ለምዝገባ ከሚቀርቡት ስሞች መካከል ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ገላጭ ስም ነው፤ ይኸውም የሚሸጠውን ነገር ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠን፣ አገልግሎት ወይም የሚገኝበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ስም።

አነስተኛ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ስም የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ የሌለው ሰው፣ ሰሌዳው ራሱ ይናገርለታል። በአዲስ አበባ፣ በፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በጠባብ መንገዶቹ ዳርና ዳር ተጠጋግተው የነበሩት ሥጋ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ደንበኛ የሚያገኙት በሰፈሩ ዝና ጭምር ነበር። ሰው «ዶሮ ማነቂያ እንሂድ» ብሎ ይመጣል እንጂ አስቀድሞ የአንዱን ቤት ሰሌዳ አያስብም። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈርሶ ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሲዛወር ግን ስም ሌላ ክብደት አገኘ። ቦታው ወደ ኋላ ሲቀር፣ ከባለሙያው እጅ ቀጥሎ አብሮ ሊሄድ የሚችለው ንብረት ደንበኛው የሚያስታውሰው ስም ነው። ያ ስም «ሥጋ ቤት» ከሚል ቃልና ከሰፈር መጠሪያ ያልዘለለ ከሆነ ግን ሕግ ለአንድ ሰው ለይቶ ለመስጠት ይቸገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የንግድ ስም እና የንግድ ምልክት አንድ አይደሉም። የንግድ ስም ነጋዴው ሥራውን የሚሠራበት መጠሪያ ነው፤ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ ቢሮ ይመዘገባል። የንግድ ምልክት ግን ዕቃው ወይም አገልግሎቱ በገበያ የሚታወቅበት መለያ ነው፤ የሚመዘገበውም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ንግድ ፈቃዱ ላይ የሰፈረውን ስም አይቶ «ስሙ የእኔ ነው» የሚል ሰው፣ ሌላው ያንኑ ስም በምልክትነት አስመዝግቦ ሲመጣበት የሚደነግጠው ይህን ልዩነት ሳያውቅ በመቅረቱ ነው። ልዩነቱ ፈቃድ በሚወጣበት ቀን፣ እዚያው መስኮቱ ላይ ሊነገረው ይገባል።

ሕጉ ገላጭ ስምን የሚከለክለው ነጋዴውን ለመጉዳት አይደለም። «ክትፎ»፣ «ትኩስ»፣ «ፒያሳ»፣ «የተቆላ ቡና» የሚሉት ቃላት ክትፎ የሚያዘጋጅ፣ በፒያሳ የሚሠራ፣ ቡና የሚቆላ ሰው ሁሉ ሥራውን ለመናገር የሚያስፈልጉት ናቸው። አንዱ ነጋዴ «ትኩስ ክትፎ»ን ለብቻው ቢይዝ፣ ጎረቤቱ የሚሸጠውን ነገር በአማርኛ መጥራት ሊከለከል ነው። ስለዚህ አዋጁ መለየት የማይችሉ፣ በንግድ ልማድ የተለመዱ ወይም የዕቃውን ጠባይና የመገኛ ቦታ ብቻ የሚናገሩ ምልክቶችን አይቀበልም። ይህ አቋም ትክክል ነው፤ ቋንቋ ማንም ቀድሞ ስላመለከተ የሚወስደው ንብረት ሊሆን አይገባም።

በገላጭና በመለያ ስም መካከል ያለው ድንበር ግን አንድ መስመር አይደለም። የአሜሪካው ዳኛ ሄንሪ ፍሬንድሊ እ.ኤ.አ. በ1976 በሰጡት ፍርድ ያስቀመጡት ደረጃ እስከ ዛሬ በብዙ አገር መማሪያ ነው። ከታች የዕቃው የወል ስም አለ፤ ለምግብ ቤት «ምግብ ቤት» የሚለው ቃል በምንም መንገድ የአንድ ሰው ምልክት አይሆንም። ቀጥሎ ገላጩ ይመጣል፤ «ትኩስ ክትፎ» እንደሚለው። ከዚያ ነገሩን በቀጥታ ሳይናገር የሚጠቁም ስም አለ፤ ምግብ ቤትን «ጉርሻ» ማለት ስለ መብላትና ስለ ፍቅር ያሳስባል እንጂ ምን እንደሚሸጥ አይዘረዝርም። ከዚያ በላይ ትርጉም ያለው ሆኖ ከዕቃው ጋር ግን ግንኙነት የሌለው ቃል አለ። አንበሳ ጫማ አይሠራም፣ ሰውም አያመላልስም፤ ግን አንበሳ ጫማም፣ አንበሳ አውቶቡስም በየመስካቸው የታወቁ ናቸው። በላይኛው ደረጃ ላይ የሚቀመጠው ለምልክትነት ብቻ የተፈጠረ፣ መዝገበ ቃላት የማያውቀው ስም ነው፤ «ኮዳክ» የተባለው የፎቶግራፍ ዕቃ ስም ሁልጊዜ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ምዝገባው ይቀላል፣ ጥበቃውም ይሰፋል። በአንጻሩ ስሙን ለገዢው ማስተዋወቅ ድካም ይጠይቃል።

ገላጭ ስም ከነበረበት ደረጃ ከፍ የሚልበት መንገድ አለ። አንድ ሰው ስሙን ለረጅም ጊዜ፣ ያለ ማቋረጥና በብቸኝነት ሲጠቀምበት፣ ገዢው ቃሉን ሲሰማ ከዕቃው ጠባይ ይልቅ የዕቃውን ባለቤት ማሰብ ይጀምራል። የአሜሪካ ሕግ ይህን በአጠቃቀም የተገኘ መለያነት ብሎ ይቀበላል፤ ለዋናው መዝገብ ገና ያልበቃ ገላጭ ስምም በተጨማሪ መዝገብ እንዲቆይ ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚቀርበው የገዛ አገሩ የቡና ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ለማስመዝገብ አመለከተ። ሥራውን የመራው በጌታቸው መንግሥቴ ዋና ዳይሬክተርነት የነበረው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነበር። ለመገኛ ቦታ ስም የተለመደው መንገድ የጂኦግራፊ አመልካች ጥበቃ ነው። ያ መንገድ ግን እያንዳንዱ ጆንያ ከተባለው ቦታ ለመምጣቱ ቁጥጥር ይፈልጋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች በትናንሽ ማሳ የሚያመርቱትን ቡና ደግሞ እንዲህ ተከታትሎ ማረጋገጥ ከባድና ውድ ነው። በንግድ ምልክትነት መያዝ ስሙን በኢትዮጵያ እጅ አድርጎ፣ ለሚጠቀሙበት ነጋዴዎች ፈቃድ ለመስጠት ያስችላል። የተመረጠውም ክፍያ የማይጠየቅበት ፈቃድ ነበር፤ ዓላማው ስሙን ማሳደግና በስሙ የሚሸጠውን ቡና ዋጋ ከፍ ማድረግ ነበርና።

ይርጋጨፌ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመዘገበ። የሲዳሞና የሐረር ጉዳይ ግን ተጓተተ። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን የራሱን ምልክት አመልክቶ ስለነበር የኢትዮጵያ ማመልከቻ ወደ ኋላ ቀረ። ኩባንያው በኋላ ማመልከቻውን ቢተውም የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበርም ተቃውሞ አቀረበ፤ ክርክሩ ቃሎቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል የሚል ነበር። መሥሪያ ቤቱም ይህን ምክንያት ይዞ ሁለቱን ስሞች ውድቅ አደረገ። ኢትዮጵያ መልስ ሰጠች፤ ቡና ጠጪው እነዚህን ስሞች ሲሰማ የሚያስበው ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ልዩ ቡና መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረበች። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ኢትዮጵያን ደግፎ ዘመቻ አካሄደ፤ ስታርባክስም እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ ጋር የፈቃድ ስምምነት ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት ሲዳሞም ሐረርም በአሜሪካ ተመዘገቡ። በጃፓንም የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ምዝገባውን አስከራክሯል፤ የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች ለቡና ሲውሉ የቦታ መጠሪያ ብቻ አለመሆናቸውን ተቀብሏል።

ሲዳሞ የሚባለው ክፍለ ሀገር በ1980ዎቹ ከአስተዳደር ካርታ ወጥቷል፤ በቡና ከረጢት ላይ ግን ስሙ እስከ ዛሬ ይነበባል። ቦታ መጠሪያነቱ ሲቀር ምልክትነቱ የሚጸናው በተከታታይ አጠቃቀምና በገዢው ትውስታ መሆኑን ይህ ያሳያል። ከፈረሰ ሰፈር ለወጣ ነጋዴም ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ሌላው መንገድ እዚያው ፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ ብዙም ሳይርቅ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው ቶሞካ ስሙ «ቶሬፋሲዮኔ ሞዴርና ካፌ» የሚሉ የጣሊያንኛ ቃላት ምህጻር ነው። ሙሉው ሐረግ ዘመናዊ የቡና መቁያ ማለት ስለሆነ ጣሊያንኛ ለሚያውቅ ሰው ከመግለጫ አያልፍም፤ ማንኛውም ቡና ቆይ ሊለው የሚችል ነው። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ተገጣጥመው «ቶሞካ» ሲሆኑ ግን የትም የሌለ ቃል ወጣ። የአዲስ አበባ ሰው ጣሊያንኛውን ሳያውቅ ስሙን ከአንድ የቡና ሽታ ጋር አገናኝቶ ይዞታል። ገላጭ ስም ለያዘ ሰው ማሳጠርና ማዋሃድ ከሁሉ የሚቀል መፍትሔ ነው፤ ነባሩን ስም ጨርሶ መጣል አያስፈልገውም።

ጉዞው ወደ ታችም ሊሆን ይችላል። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ ከየትኛውም ፋብሪካ የወጣ የፕላስቲክ ጠርሙስ «ሃይላንድ» ይባላል። ባጃጅም የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ሆኖ ሳለ በኢትዮጵያ የሦስት እግር ተሽከርካሪ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ባለቤቱ ስሙን ከዕቃው ዓይነት ለይቶ ካላስጠራ፣ ሕዝቡ ወስዶ የወል ስም ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ መልሶ መያዝ እጅግ ከባድ ነው።

የኢንተርኔት አድራሻ ለሆኑ ገላጭ ስሞች ትልቁ ፍርድ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በቡኪንግ ዶት ኮም ጉዳይ የሰጠው ነው። «ቡኪንግ» ቦታ ማስያዝ ማለት ሲሆን «ዶት ኮም» የአድራሻ ቅጥያ ነው፤ የአሜሪካ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ሁለቱ ተደምረው ከወል ስም አይወጡም ብሎ ነበር። በቀረበው ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች 75 በመቶ ያህሉ ስሙን የአንድ ድርጅት መለያ አድርገው አይተውታል። ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ ስሙ ሊመዘገብ ይችላል አለ። መለኪያው ቃሉ ለብቻው ያለው ፍቺ ሳይሆን ስሙ በሙሉ ለገዢው የሚሰጠው ትርጉም ነው።

በኢትዮጵያ ምዝገባው የሚጀምረው ቀደም ብሎ የተመዘገበ ተመሳሳይ ምልክት መኖሩን በማጣራት ነው። ቀጥሎ የዕቃው ወይም የአገልግሎቱ ክፍል ይመረጣል፤ በዓለም አቀፉ አመዳደብ 45 ክፍሎች ሲኖሩ የተቆላ ቡና በ30ኛው፣ የምግብ ቤት አገልግሎት በ43ኛው ይገባል። ቡናም የሚሸጥ ምግብ ቤት ሁለቱንም ማሰብ አለበት። መርማሪው ማመልከቻውን በቅርጽም በይዘትም ካየ በኋላ፣ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል። ተቃውሞ ካልመጣ ወይም ከወደቀ ምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ለአብነት «ዶሮ ማነቂያ ክትፎ ቤት» የሚል ማመልከቻ ቢቀርብ ሦስት እንቅፋት ይጠብቀዋል። «ክትፎ ቤት» የወል ስም ነው። «ዶሮ ማነቂያ» የሰፈር ስም ስለሆነ በዚያ የሠራ ሁሉ ይጠቀምበት ነበር። ቤቱ ዛሬ ሌላ ሰፈር ከሆነ ደግሞ ስሙ ገዢን ያሳስታል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ማመልከቻውን የሚያጠነክረው ከእነዚህ ቃላት ጋር የሚቆም የራሱ የሆነ ቃል፣ ለምሳሌ የባለቤቷ የቁልምጫ ስም ወይም አዲስ የተፈጠረ ምህጻር፣ ከተለየ ሥዕልና የፊደል አጣጣል ጋር ነው። ጥበቃው ያኔ በተለየው ክፍል ላይ ያርፋል፤ «ክትፎ ቤት» ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስሙ በሰው ዘንድ መታወቁን የሚያሳዩ ነገሮችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊቀመጡ ይገባል፤ የድሮ ሰሌዳ ፎቶግራፍ፣ ቀን ያለባቸው ደረሰኞች፣ የታተመ ማስታወቂያ፣ በጋዜጣ የወጣ ዘገባ። ከፈረሰ ቤት ጋር አብረው የጠፉ ወረቀቶች በኋላ አይተኩም።

ምልክቱ ያልተመዘገበ ነጋዴም ፈጽሞ ባዶ እጁን አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በሌላው ነጋዴ ሥራ ላይ መደናገር የሚፈጥር ድርጊትን ይከለክላል። ልዩነቱ ያለ ምዝገባ የሚከራከር ሰው ዝናውንም መደናገሩንም ራሱ ማስረዳት ያለበት መሆኑ ነው። የተመዘገበ ምልክት ያለው ምስክር ወረቀቱን ይዞ ይቀርባል። እርሱም ቢሆን ሌሎች ቃሉን በቅንነት ለመግለጫ ሲጠቀሙበት ማገድ አይችልም።

ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ በየሰባት ዓመቱም ይታደሳል። ምልክቱ ሊሸጥ፣ ሊወረስ ወይም በፈቃድ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ለሦስት ተከታታይ ዓመት ሥራ ላይ ካልዋለ ግን ጥቅም ያለው ሰው ጠይቆ ሊያሰርዘው ይችላል።